የአባዬ ቦሎ

ትናንት እሑድ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሕልሜ መኪኖች ሰውን መንዳት ጀመሩ።

ከዚያች ሰዓት አስቀድሞ ዓለም በደንቧ ነበረች። ቀበና፣ አባታችን ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት፣ ምሳ በልተናል። ታላቅ እኅቴ እትዬ ውብአንቺ ከአዳማ፣ ወንድማችን ሙሉዓለም ከሲኤምሲ የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አባታችን አቶ ዘርጋው በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ቮልሳቸውን መንዳታቸውን ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ። ባለፈው ወር አንድ የሽንኩርት መደብ ላይ ወጥተዋል። ሰው አልተጎዳም። ወርደው ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ባለመደቧን ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያም እንደገና ሞተር አስነሥተው፣ በራሳቸው ነድተው ቤት ገቡ። እኛን ልጆቻቸውን ያስደነገጠን ሽንኩርቱ ሳይሆን ይህ የመጨረሻው ነው።

እርሳቸው የሚያዝኑት በሌላ ነገር ነበር። ጡረታ እስኪወጡ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ በእርሳቸው ዘመን ቮልስ ከቮልስ ሲገናኝ መብራት ብልጭ አድርጎ ሰላም ይባባል ነበር። “ድሮ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ እጄ ከመብራት ማብሪያው ላይ አይወርድም ነበር” ይሉናል። “አሁን ሳምንት ሙሉ ዞሬ ሰላም የምለው አጣሁ።”

ውይይቱ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። እኔ እትዬ ውብአንቺ ባዘዘችኝ መሠረት፣ ጠዋት ከኮታቸው ኪስ ያወጣሁትን የመኪና ቁልፍ በቀሚሴ ኪስ እንደያዝኩ፣ ራሴን ስላመመኝ፣ በልጅነቴ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። “ሰረቅሁ” ብዬ ለመጻፍ አልደፈርኩም፤ “አወጣሁ” የሚለው ቃል ግን ትክክለኛው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሕልሜ ከአልጋው ተነሥቼ ከግቢው ስወጣ መንገዱን ቮልስ ሞልቶት አገኘሁ። ነጫጮች፣ ሰማያዊዎች፣ የክሬም ቀለም ያላቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በእግረኛ መንገድ ላይ ይንሸራሸራሉ። ላዳዎች ጥላ ይዘዋል። አንድ ጎረምሳ ፔጆ፣ ጠበቃ የሚመስል ሰው ጫንቃ ላይ ተቀምጦ፣ የሰውየውን ሁለት ጆሮዎች እንደ መሪ እያዞረ ወደ አራት ኪሎ ነዳው። ሰውየው በየመታጠፊያው አንድ ቅንድቡን እንደ ፍሬቻ ያርገበግባል።

ሰው ግን ጥቂት ነበር። አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር መኪኖቹ ቆም ብለው ያዩታል።

“እናቴ ትሙት፣ ኦሪጂናል ነው” አለች አንዲት ክሬም ቮልስ ለጓደኛዋ። “እስከነ ባርኔጣው።”

ወደ ደረቴ ባይ ታርጋ ተለጥፎብኛል። ጥቁሩ ዐራት ቁጥር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል። ወዲያው ፉጨት ሰማሁና አንድ ትራፊክ ፔጆ ከፊቴ ቆመ።

“ነጂሽ የታል?” አለኝ።

“ነጂ የለኝም።”

“ባዶሽን ነው የምትሄጂው? የመንግሥት ታርጋ ለጥፈሽ፣ በእሑድ ምድር?”

“አባቴን እየፈለግሁ ነው።”

“በመንግሥት ሰውነት የግል አባት ይፈለጋል እንዴ?”

ሕጉን አላውቀውም። ፔጆው መዝገቡን ገለጠ።

“ኮዳቸው ስንት ነው?”

“ሁለት። የግል ናቸው።”

“ሞዴላቸውስ?”

“ሠላሳ አምስት።”

ፔጆው ኮፈኑን እንደ ባርኔጣ አነሣልኝ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

“ልጅ ሳለሁ ከተማው የሠላሳ አምስቶች ነበር” አለ። “ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ሲሳሳቱ ወርደው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ስለበዙብን ልብ ብለን እንኳ አላየናቸውም። አሁን ይኸው፣ መለዋወጫም የላቸው። ቦሎ አላቸው?”

“የምን ቦሎ?”

“የሰው ቦሎ ነዋ። ዛሬ መጨረሻው ነው። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተመርምሮ ቦሎውን ግንባሩ ላይ ያልለጠፈ አሮጌ ሰው ከመንገድ ይነሣል።”

“ከተነሣ በኋላስ?”

“ይፈታል።”

ቃሉ ከእስር እንደ መፈታት መስሎኝ ደስ አለኝ። ፔጆው ደስታዬን ከፊቴ አነበበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“በብሎን ነው የሚፈታው” አለኝ። “ክፍል በክፍል።”

ምርመራ ጣቢያው እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ብቻ ደርሻለሁ። ግቢው ውስጥ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ኋላ ይጋፋል። በዚያ አገር ቀድሞ የመጣ የሚስተናገደው መጨረሻ ነው።

“እባክዎ፣ እኔ ከእርስዎ በኋላ ነው የመጣሁት” ይላል አንዱ።

“አይዋሹ፤ እኔ ጭራሽ ገና አልመጣሁም” ይላል ሌላው።

አባቴ ከሰልፉ ፊት፣ ብቻቸውን፣ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

“አባዬ፣ ስንት ሰዓት መጡ?”

“በዐሥራ ሁለት። ሰው ሳይበዛ።”

“እዚህ ቀድሞ የመጣ መጨረሻ ነው የሚስተናገደው። ሰዓቱ ያልፍብዎታል። ወደ ኋላ ይሂዱ።”

“ተራዬን ለቅቄ?”

“ይፈቱዎታል፣ አባዬ።”

“ልጄ” አሉኝ፣ የኮታቸውን አንገት እያስተካከሉ፣ “ዕድሜዬን ሙሉ ቀድሜ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ ማርፈድ የት እማራለሁ?”

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል ይላል። መልሼ ሳየው ዐሥር ሆኗል። በዚህ መካከል ወደ ኋላ የሚጋፋው ሰልፈኛ እየተጋፋ፣ እየተጋፋ፣ በግቢው በር ወጥቶ እስከነጭራሹ ሄደ። ከሰልፉ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ያም አባቴ ነበሩ። ነጭ ካፖርት የለበሰች ትንሽ ፊያት መዝገብ ይዛ ወጣች።

“መብራት?” አለች ቀና ብላ ሳታይ።

አባቴ ሁለት ዐይኖቻቸውን ከፈት ከደን አደረጉ።

“የግራው ደብዘዝ ብሏል።”

“ሞራ ነበር፤ ተገፍፎልኛል።”

“ክላክስ?”

አባቴ “እህህ” ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያች እህህታ ሦስት ልጆች አሳድገዋል፤ እኔም ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

“ፍሬን?” አለችና ፊያቷ መልስ ሳትጠብቅ፣ “የቀየሱት መንገድ ሁሉ ጠማማ ነው ይባላል” አለቻቸው።

የአባቴ ፊት ቀላ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ፊያቷ በቁጣቸውና በዝምታቸው መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለካች።

“ስድስት ሳንቲ ሜትር። እጅግ በጣም ጥሩ። ጭስ?”

“በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት አቁሜያለሁ።”

“የኋላ ማርሽ?”

“ከሁሉም የሚሠራልኝ እሱ ነው።”

“የፊት ማርሽ? ነገ ምን ያደርጋሉ?”

አባቴ አሰቡ። “ጠዋት ቮልሷን አሞቃታለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ አጠፋታለሁ።”

ፊያቷ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቴን ባሰግግም መዝገቡ የተጻፈው በጎማ ምልክት ስለሆነ አላነበብኩትም።

“ስፖኪዮ? ያለ ጎን መስታወት ቦሎ አይሰጥም።”

“እሷ ነች” አሉ አባቴ፣ በአገጫቸው እኔን እያመለከቱ። “ከኋላዬ የሚመጣውን የምታይልኝ እሷ ነች።”

ፊያቷ ቀረበችኝ፤ ፊቴ ላይ ተንፍሳ በካፖርቷ እጅጌ ወለወለችኝ።

“ይህቺ ስፖኪዮ ኪስ አላት” አለች። “ምን ይዛበታለች?”

“መሐረብ” አልኩ።

አባቴ ወደ እኔ አላዩም። ፊያቷም አልፈተሸችኝም፤ መዝገቧን ዘጋች።

“አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። ሰላምታዎ አይበራም፤ ዝጓል።”

“የምሰጠው ሰው ስላጣሁ ነው” አሉ አባቴ።

“ምክንያት አንመዘግብም። ኦሪጂናል ሰላምታ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይገጠም፤ ያለዚያ ይፈታሉ።”

“ሂጂ፣ ሮጠሽ አምጪልኝ” አሉኝ አባቴ። “እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።” በሰልፉ ላይ ከእርሳቸው በቀር ማንም አልነበረም።

ሮጥኩ። አደባባዩ ጋ ስደርስ የሠርግ አጀብ መንገዱን ዘግቶታል። ሙሽራው ላዳ አንድ ወፍራም መምህር ላይ፣ ሙሽሪት ፊያት አንዲት ነርስ ላይ ተቀምጠዋል፤ መምህሩና ነርሷ ግንባራቸው ላይ አበባና ሪባን ታስሮላቸዋል። ሚዜዎቹ ቮልሶች በየሰዉ ትከሻ ላይ ሆነው አደባባዩን ይዞራሉ።

“አንቺ፣ ባዶ ነሽ?” ብሎ አንዱ ሚዜ ፈቃዴን ሳይጠብቅ ትከሻዬ ላይ ወጣ።

“እቸኩላለሁ፤ አባቴ ሊፈቱ ነው።”

“እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በይ ክላክስ አድርጊ።”

ጆሮዬን ጠመዘዘው። ሳልወድ “እልል” አልኩ። አደባባዩን ሦስት ጊዜ አዞረኝ፤ በእያንዳንዱ ዙር ሰዓቴ ሩብ ሰዓት ይዘላል። በሦስተኛው ዙር ቪዲዮ ቀራጩ፣ “የመንግሥቷን ሰው ከካሜራው አውጡልኝ፤ ሠርጉን ስብሰባ ታስመስለዋለች” ሲል ሚዜው ወረደልኝ።

መለዋወጫ ተራ ደረስኩ። በየሱቁ የተሰቀለው የሰው ዕቃ ነው። በአንዱ መደብ ላይ ጎረቤት የሚያዳምጡ ጆሮዎች በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል። አንድ ሣጥን ሙሉ ጎንበስ የሚል ወገብ ነበር፤ “ለሽማግሌ ወንበር መልቀቂያ” የሚል ተጽፎበታል። ቀጠሮ አክባሪነት ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቧራ ለብሶ፣ በነፋስ ይወዛወዛል። ባለሱቁ አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በዘይት መለኪያ ሽቦ ይጎረጉራል።

“ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?”

“ሰላምታ አለ?”

“የስንት ሞዴል?”

“የሠላሳ አምስት።”

“እሱን ተዪው፤ አዲሱን ልስጥሽ። ‘ፒስ ነው?’ ይልና መልስ ሳይሰማ ያልፋል። ቀላል ነው፤ ነዳጅ አይፈጅም።”

“ኦሪጂናሉን ነው የምፈልገው።”

ላንድሮቨሩ ሽቦውን ከጥርሱ አወጣ።

“ኦሪጂናሉ ከባድ ነው፤ እንዳትወቅሺኝ። ‘እንደምን ዋላችሁ’ ብሎ ይጀምርና እያንዳንዱን ቤተሰብ በስም ጠርቶ ሳይጠይቅ አይለቅም። የታመመ ካለ ቁጭ ይላል። መንገድ ይዘጋል። አንድ ብቻ ነው የቀረኝ።”

ከመደርደሪያው ጥግ ጨርቅ ገለጠ። ትንሽ ቢጫ መብራት ነበረች። ስታየኝ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች፤ እኔም ሳላስበው እጄን አነሣሁላት።

“በምን ትለውጪኛለሽ?” አለኝ።

“ምን ትፈልጋለህ?”

“ኪስሽ ውስጥ ያለውን።”

“እሱ የእኔ አይደለም።”

“ታዲያ ኪስሽ ውስጥ ምን ይሠራል?”

“ለደኅንነት ነው።”

“ለማን ደኅንነት?”

“ለአባቴ።”

“አባትሽ ያውቃሉ?”

ቃል ፈለግሁ። ብዙ ቃላት ነበሩኝ፤ ሁሉም የሥራ ቦታ ቃላት ናቸው።

“በኋላ ይነገራቸዋል” አልኩ።

ላንድሮቨሩ ጨርቁን መልሶ መብራቷ ላይ ጣለ።

“እንግዲያውስ በኋላ ነይ” አለኝ።

ባዶ እጄን ወደ መንገድ ወጣሁ። ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። በዚያች ደቂቃ አንድ ውይይት መጣ።

ውይይት የሚባለውን ታክሲ የዛሬ ወጣት በስም እንኳ ላያውቀው ይችላል። ከኋላው ክፍት የሆነ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር የተዘረጋበት፣ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ፊት ለፊት የሚተያይበት አሮጌ መኪና ነበር፤ የቀበሌ የውይይት ክበብ በነበረበት ዘመን ሰው እንዲሁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይወያይ ስለነበር ከተማው ስሙን ከዚያ አወጣለት ይባላል። ከመንገድ ከጠፋ ቆይቷል። በሕልሜ ያየሁትን አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ይሮጡ ነበር። ታክሲ ነው ብዬ ዘልዬ ገባሁ።

ወንበሩ ላይ መኪኖች ተቀምጠዋል፤ አራት በግራ፣ አራት በቀኝ። ጉልበቴ ከአንድ ፔጆ መከላከያ ጋር ተጋጠመ።

“በሥርዓት ይቀመጡ፤ ውይይት ላይ ነን” አለኝ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ላዳ። ሊቀመንበሩ እሱ ነው። “አጀንዳው አንድ ነው። አቶ ዘርጋው መንገድ ላይ ይቆዩ ወይስ ይነሡ።”

አባቴ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል፣ በዱካ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው።

“ትርፍ ነኝ” አሉኝ ፈገግ ብለው። “ትራፊክ ከመጣ ጎንበስ በሉ ብለውኛል።”

“ሰላምታውን አላገኘሁም፣ አባዬ።”

“እንዴት ይገኛል? እኔስ መች አገኘሁ።”

“የግል ወሬ ይቁም” አለ ላዳው። “አስተያየት።”

“ማን ጠላቸው?” ሲል ጀመረ ፔጆው። “ማንም አልጠላቸውም። ይሁንና ዘመኑ የፍጥነት ነው።”

“ለራሳቸው ብለን ነው” አለች በበሩ በኩል የተቀመጠች ፊያት፤ ድምጿ ቁርጥ የእትዬ ውብአንቺ ድምፅ ነበር። “ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ሰው የሚለው እኛን ነው።”

“ሰው ምን ይላል የምትለዋ ነጥብ ትያዝልኝ” አለ ከጎኗ ያለው።

“ተይዛለች” አለ ላዳው።

“የሽንኩርቱስ ነገር?”

“ሽንኩርቱ በልዩ ልዩ ላይ ይነሣል።”

ከጥጉ አንዲት ነጭ ቮልስ አንድ መብራቷን አነሣች። የእኛዋ ነበረች።

“ዝናብ ሲጥል” አለች ቀስ ብላ፣ “ጃንጥላ ይዘው የሚወጡት ለእኔ ነው። እርሳቸው ይረጥባሉ። ሌላ የምናገረው የለኝም።”

“ይህ ስሜት ነው” አለ ፔጆው።

“ስሜትም ይያዝልኝ።”

“ገጹ ሞልቷል” አለ ላዳው። “ባለጉዳዩ የሚሉት ካለ ባጭሩ።”

አባቴ ከዱካው ሳይነሡ ተናገሩ።

“አሁን የምንሄድበትን መንገድ የቀየስኩት እኔ ነኝ፤ በሃምሳ ዘጠኝ፣ ካስማ በእጄ እየተከልኩ። ከፊታችን ቁልቁለት አለ። ከቁልቁለቱ በታች መታጠፊያ አለ። መታጠፊያውን ያደረግሁት እዚያ አንድ ወይራ ስለነበረ ነው፤ ልቆርጠው አልፈለግሁም። ወይራው ዛሬ የለም። መታጠፊያው ግን አለ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይሞክራል። እኔ አልሞክርም። ጨርሻለሁ።”

ተሸካሚዎቹ ሰዎች ቁልቁለቱን ጀመሩ። ውይይቱ ተንገጫገጨ።

“ድምፅ በፍሬቻ ይሰጥ” አለ ላዳው። “ግራ፣ ይቆዩ። ቀኝ፣ ይነሡ።”

አራት ግራ ፍሬቻዎች፣ አራት ቀኝ ፍሬቻዎች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ላዳው ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

“እኩል ነው። የቀረችው ስፖኪዮዋ ነች።”

መብራቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ልናገር የፈለግሁትን አውቀው ነበር፤ “ይቆዩ” የምትል አንዲት ቃል ናት። ለቃላት የምጠነቀቅ ሰው ነኝና ይህችኛዋን በሚገባ መርጫት፣ ምላሴ ጫፍ ላይ አድርሻት ነበር። አፌን ስከፍት ግን በውይይቱ ጎን የቤታችን በር ሲያልፍ አየሁ። የቀበናው በር ነው፤ ከትምህርት ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከሥራ በታክሲ ስመለስ ከሺህ ጊዜ በላይ የወረድኩበት። ምላሴ ቀደመኝ።

“ወራጅ አለ” አልኩ።

ተሸካሚዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፍሬቻዎቹ ጠፉ።

“ተመዝግቧል” አለ ላዳው። “ወራጅ፣ አቶ ዘርጋው።”

“አይደለም፤ ወራጇ እኔ ነኝ። ታክሲ መስሎኝ ነው።”

“ውይይት እንደሆነ ሲገቡ ተነግሮዎታል።”

“ስሙ አንድ ስለሆነ ነው የተሳሳትኩት። ልማድ ነው።”

“በቃለ ጉባኤ ላይ ቃሉ እንጂ ልማዱ አይጻፍም። በውይይት ላይ ‘ወራጅ አለ’ ከተባለ የሚወርደው ባለጉዳዩ ነው።”

“እንግዲያውስ አብሬያቸው ልውረድ።”

“ስፖኪዮ አይወርድም” አለ ፔጆው። “ስፖኪዮ ይፈታና ለሌላ ይገጠማል።”

አባቴ ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ቆለፉ። ቀጥሎ፣ ከቤት ሲወጡ እንደሚያደርጉት፣ ኪሶቻቸውን ዳበሱ፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ የደረቱን። በዚያን ጊዜ የመኪናው ቁልፍ በእኔ ኪስ ውስጥ ተንቀጨቀጨ። ሁሉም ሰሙ። እንዳልሰማ የሆኑት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

“ምንም አይደል፣ ልጄ” አሉኝ። “ከቤት ብዙም አላለፍንም።”

ጠርዙን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው፣ በአንድ እግራቸው መሬቱን እየፈለጉ ወረዱ። ማንም አልደገፋቸውም። አስፋልቱ ላይ ሲቆሙ ከወትሮው አጥረው ታዩኝ። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ብሎን መፍቻ የያዙ ሁለት ፊያቶች እየቀረቡ ነበር። አባቴ እነርሱን ሲያዩ ዐይኖቻቸውን ሁለት ጊዜ ከፈት ከደን አደረጉ፤ ሰላም ማለታቸው ነው። ፊያቶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ውይይቱ ተንቀሳቀሰ። “አቁሙልኝ” እያልኩ የመኪናውን ጎን በመዳፌ ደበደብኩ።

“የምንቆመው መጨረሻ ላይ ነው” አለ ላዳው።

ይበልጥ ደበደብኩ። ድብደባው ከእኔ እጅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና በሩ ላይ የሚንኳኳ ሆነ።

“ትርሲት፣ ተነሽ እንጂ። ዐሥር ሰዓት አለፈ።”

እትዬ ውብአንቺ ነበረች። ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጓሮ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ አባቴ ቮልሳቸውን እያጠቡ ነው።

“ውይይቱስ?” አልኳት።

“ጨረስን። ራሷን አሟታል፣ ትረፍ ብለን ነው ያልቀሰቀስንሽ።”

“አባዬ ነበሩ?”

“እርሳቸውማ መኪናቸውን ያጥባሉ፤ ደግሞ ምን ይደክማሉ ብለን።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ሙሉዓለም ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው አስቧል። ቮልስ እኮ አሁን ብርቅ ሆኗል፤ ግቢው መካከል ቢቆም እንግዶች አጠገቡ ፎቶ ይነሣሉ፣ ደስ ይላቸዋል ይላል። ዝናብ እንዳይነካው ጥላ ያሠራለታል። በየቀኑ የሚወለውለው ሰው ይቀጥራል።”

“አባዬስ?”

እኅቴ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በእጇ አስተካከለች።

“ቮልሷ እዚሁ ትቆያለች። አባዬ የፊታችን ቅዳሜ ከእኔ ጋር አዳማ ይገባሉ። የምትነግሪያቸው አንቺ እንድትሆኚ ወስነናል።”